ሙሄዲን ስኳር ተሸክመው ወደ ደሴት እንደ ተሻገሩ

ንጽሐፍ እንከ ዜናሁ ለሙሄዲን፣ የኮዬ ፈጬ አራተኛ ፎቅ ባለቤት፣ የሱቅ ጌታ፣ ሚዛናቸው የማያዳላ፣ ቁልፋቸው ከወገባቸው የማይለይ። በዘመነ ኮንዶሚኒየም፣ ዕጣ ወጥቶላቸው ከሱሉልታ በለቀቁ በሦስተኛው ክረምት፣ ውሃ ከቧንቧ ጠፍቶ በየመንገዱ በሞላበት ዓመት፣ በወርኃ ነሐሴ፣ ፍልሰታ በተፈታ ማግሥት፣ ወደ ቀድሞ አገራቸው ወደ ደሴት ሄደው የጥንት ወዳጆቻቸውን ይጎበኙ ዘንድ ልባቸው ተነሣ።

ደሴት የተባለችውም በሱሉልታ ሜዳ መካከል ያለች ጉብታ ናት። በበጋ ላምም ሰውም እንዳሻው ይወጣባታል፤ ክረምት ሲገባ ግን ሜዳው ውሃ ይሞላና ዙሪያዋን ይከባታል፣ ነዋሪዎቿም ጎመንና ወሬ እየተበዳደሩ እስከ መስከረም ይቆያሉ። ሕጓም አንድ ነው፤ እንግዳ በፈረስ ይሻገራል፣ የቤት ሰው ሱሪውን ሰብስቦ በእግሩ ይገባል። ማንም አልጻፈውም፣ የማያውቀውም የለም።

ሙሄዲን የጎልማሳነት ክረምታቸውን ሁሉ በዚያ ውሃ በእግራቸው የተመላለሱ ሲሆኑ፣ ከለቀቁ ወዲህ ግን አንድም ጊዜ አልተመለሱምና፣ እንግዳ ሆኜባቸው ይሆን የሚል ሐሳብ ልባቸውን ይበላው ነበር። ይህንንም ከእኔ ከጎረቤታቸውና ከጸሐፌ ትእዛዛቸው በቀር ለማንም አልነገሩም፤ እኔም እነሆ ለሁሉ ተናገርሁ።

ወእምዝ ለቀድሞ ጎረቤታቸው ለኦቦ ጎበና በስልክ እንዲህ የሚል ቃል ሰደዱ፤ «ነገ እመጣለሁ። ለቤቱ አንድ ከረጢት ስኳር ይዣለሁ።» ኔትወርኩም መልስ ሳያመጣ ተቆረጠ። ሱቁን ሊጠብቁ የቀሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ ራቢአም በደጁ ቆመው አዋጅ ነገሩ፤ «አንተ ብትረጥብ ትደርቃለህ። ስኳሩን ግን አደራ።»

በሚኒባሱ ውስጥ ሰልፉ ይህን ይመስል ነበር፤ በፊት ከረጢቱ፣ ቀጥሎ ከረጢቱን የታቀፉት ሙሄዲን፣ ቀጥሎ ቅርጫት ሙሉ እንቁላል ይዘው እስትንፋሳቸውን የቆጠቡ አንዲት እናት፣ ቀጥሎ ጆሮውን በማዳመጫ የደፈነ ተማሪ፣ ቀጥሎ ከበሩ ተንጠልጥሎ «ሱሉልታ የሞላ፣ አንድ ሰው!» እያለ የሚያውጅ ረዳት፣ እርሱም አንዱ ሰው ከገባ በኋላ ማወጁን ያልተወ፣ በመጨረሻም ከጎማው በላይ ባለችው መቀመጫ ጉልበቴን ከአገጬ ያጋጠምሁ እኔ። እንዲህ ሆነን እንጦጦን በጉም ውስጥ አለፍን።

ከውሃው ዳር በደረስን ጊዜ ከማዶ አንድ ፈረስ ብቻውን እየተራመደ መጣ። ቦራ የሚባለው የኦቦ ጎበና ፈረስ ነበር፣ መሻገሪያውን ከሰው አብልጦ የሚያውቅ፣ በጀርባውም ለበዓል ብቻ የሚወጣው ቀይ የኮርቻ ልብስ፣ ግላሱ፣ ተጭኖበታል። ሙሄዲንም ባዩት ጊዜ ፊታቸው ጠቆረ። የፈሩት ደረሰ፤ እንግዳ ተደርገዋል። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ እሳቸው ዝናብ ነው አሉ፣ ዝናብ ግን አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «እኔ የዚህ አገር ሰው ነኝ፣ ፈረስ አልፈልግም» ብለው አወጁ፤ ቦራንም መታ አድርገው ባዶውን መለሱት። የምር እንግዳ የነበርሁት እኔ በዓይኔ ሸኘሁትና በእግሬ ተከተልሁ።

ሙሄዲንም ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ከረጢቱን በትከሻቸው ተሸክመው፣ እያንዳንዱን ድንጋይ በእግራቸው እያስታወሱ እስከ መካከል ድረስ በግርማ ተጓዙ። ነገር ግን እሳቸው በሌሉበት ዘመን አዲስ ቦይ ተቆፍሮ ነበርና ከቆባቸው በቀር ምንም እስከማይታይ ድረስ ሰጠሙ። በወጡም ጊዜ ከረጢቱ እጅግ ቀሎ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የደሴት እንቁራሪት ድምፅ ለስልሷል ይላሉ፤ እኔ ልዩነቱን አልሰማሁም።

በዳር ቆመው ይጠብቁ የነበሩት ኦቦ ጎበናም ባዶውን ፈረስና ባዶውን ከረጢት አስተያይተው እንዲህ አወጁ፤ «በጋ ነጋን ዱፍቴ፣ እንኳን በደህና መጣህ፣ ሙሄዲን። ፈረሱን ለምን መለስከው? የላክሁት እኮ ለስኳሩ ነው። ግላሱም ስኳሩ እንዳይረጥብ ነው። አንተማ መንገዱን ታውቀው የለ፣ ለአንተ ማን ፈረስ ይልካል?»

ሚስታቸው ወይዘሮ ተረፈችም ከበሩ ሆነው አስከተሉ፤ «ቆመህ አታንጠባጥብ። ዶሮው ታስሯል፣ ቢላዋው የድሮ ቦታው ነው። ድስትህንም ከቆጥ አውርድ፣ ከሄድክ ወዲህ ማንም አልጣደበትም።» እስላም ክርስቲያን ያረደውን አይበላምና፣ ሙሄዲን በዚያ ቤት የራሳቸው ድስት ነበራቸው፤ ለእንግዳ ቢሆን ኖሮ ድስት ከጎረቤት ይዋሱ፣ አራጅም ከማዶ ይጠሩ ነበር።

በቤቱም የነበረው አንድ ወንበር ከነትራሱ ለእኔ ተሰጠ። ለሙሄዲን ማንም ተቀመጥ አላላቸውም። እሳቸውም እርጥብ ሱሪያቸውን ሳይለውጡ ወደ ቆጡ ተንጠራርተው፣ የድስቱን አቧራ በክንዳቸው ሲጠርጉ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው፣ እኛም ዞር ብለን ቆየናቸው። ሻዩን ሁላችን ያለ ስኳር ጠጣን።

እንግዲህ ስማቸው በሱሉልታ ሜዳ ይወደስ፣ ጫማቸውም ይድረቅ። የጥንት ጀግኖች በጋለቡት ፈረስ ስም ይጠሩ ነበር፤ ሙሄዲን ግን ባልጋለቡት ፈረስ ስም ከዚያች ቀን ጀምሮ በደሴት ሁሉ አባ ቦራ ተባሉ።