ሊቀ ፊኛ

ልምምድ የማይሰለቸው ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ሌላው ሰው አንዴ የቻለውን ሥራ እንደቻለ ቆጥሮ ይተኛል። እሱ ግን ትናንት የቻለውን ዛሬም መቻሉን ሊያረጋግጥ በማለዳ ይነሳል። እንዲህ ያለው ሰው ጎረቤት ሲሆን ያስቃል። ባል ሲሆን ግን ጣጣው ብዙ ነው፤ ሚስቱን መጠየቅ ነው።

በሰፈራችን የአንዲት ሚስት ባል ፀጉር አስተካካይ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በምላጭ ጺም ሲላጭ ኖሮ፣ አንድ ቀን ከደረጃ ወድቆ የቀኝ እጁ አንጓ ተሰበረ። ጄሶው ሲፈታ አጥንቱ ገጥሟል፤ እጁ ግን ሥራውን ረስቶታል። ማሽን እንደምንም ይይዛል። ምላጭ ሲያነሳ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ደንበኛው ደግሞ ከጣቶቹ ብሶ ይንቀጠቀጣል።

ፊኛ የጀመረው ያኔ ነው። በየማለዳው ሱቁ ሳይከፈት ሦስት ፊኛ ነፍቶ ከወንበሩ ራስ ማስደገፊያ ላይ ያስራል፣ በብሩሽ የሳሙና አረፋ ይቀባቸዋል፣ ከዚያ አረፋውን በምላጭ ጠርጎ ያነሳል። እጅ ከከበደ ፊኛው ይፈነዳል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድም በሕይወት አልተረፈም። ሰፈሩ በተኩስ ድምፅ መንቃት ሲሰለቸው «ሊቀ ፊኛ» ብሎ ሾመው፤ እሱም ሹመቱን በክብር ተቀበለ።

ይባስ ብሎ ፊኛዎቹን ያናግራቸዋል።

«ጌታዬ፣ አገጭዎን ቀና ያድርጉልኝ።»

«ኧረ ሰው ይሰማሃል!» ትላለች ሚስቱ ከመጋረጃው ወዲያ፤ እሷ እዚያ የሴቶች ፀጉር ትሠራለች።

«ይስማ። ደንበኛ እያስተናገድኩ ነው።»

ዷ!

«ደንበኛህ ፈነዳ እኮ!»

«ነገ ሌላ ይመጣል። እጅ እንደ ዘመድ ነው፤ በየቀኑ ካልጠየቁት ይኮርፋል።»

ይህችን አባባል ቁርስ ላይ ይናገራታል፤ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይም ይናገራታል። ፊኛ ያለቀ ቀን ወደ ጓዳ ይዘምታል። ብርቱካኑ ተላጨ፣ ሎሚው ተላጨ፣ ሚስቱ ለወጥ ያስቀመጠችው ድንች እንኳ ሳሙና ሳሙና ሸተተ።

በሁለተኛው ወር ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንድም ፊኛ ሳይፈነዳ አለፈ። ሰፈሩ ጉድ አለ። ግን ፊኛ ምራቁን አይውጥም፣ አያስነጥሰውም። እውነተኛ ጉሮሮ ያላቸው ሰዎች ተሰብሮ የዳነ እጁን እያዩ «ማሽኑ ይበቃኛል» ብለው ይሄዱ ነበር።

የሱቁ ባለቤት የሚስቱ ወንድም ነው። ክፉ ሰው አይደለም። «እህቴ፣ አማቼን እወደዋለሁ» አላት። «ግን ወንበሩ ስንት ቀን ጾሙን ይዋል? ቅዳሜ ሌላ ባለሙያ አመጣለሁ።» እሷ ለባሏ ስትነግረው አልተቆጣም፤ ወንበሩን በጨርቅ መወልወል ጀመረ። ከዚያ ወንበር ኋላ ካልቆመ የት እንደሚቆም የማያውቅ ሰው መሆኑን ታውቃለች።

ቅዳሜ ወንድምየው ቦርሳ ያንጠለጠለ አዲስ ባለሙያ አስከትሎ መጣ። ሦስት ደንበኞች ተቀምጠዋል።

«ጺም የሚላጭ ማነው?» አለ ባሏ።

ሦስቱም ጣራውን ማጥናት ያዙ። ጺሙ ደረቱ የደረሰው ሹፌር እንኳ «እኔ… ማሽኑ ይበቃኛል» አለ።

ያን ጊዜ መጋረጃው ተገለጠ። ሚስቱ ደንበኛዋን ማበጠሪያ ፀጉሯ ላይ እንደተሰካ ትታት መጥታ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

«ቀባኝ።»

«ምንሽን?»

«አገጬን ነዋ!»

«አብደሻል እንዴ?» አለ ወንድሟ። «አንቺ ምን ጺም አለሽ?»

«ጺም የለኝም፤ ጉሮሮ ግን አለኝ። ዝም ብለህ እይ።»

ባሏ አረፋውን ቀባት። ምላጩን ሲያነሳ ጣቶቹ አየር ላይ እንደተንቀጠቀጡ በመስታወቱ አየች። ዓይኗን ልትጨፍን ፈለገች፤ ግን አልጨፈነችም። ምላጩ ቆዳዋን ሲነካ ጣቶቹ ቀጥ አሉ። ከቀኝ ጆሮዋ ወደ አገጯ፣ ከአገጯ ወደ ጉሮሮዋ ወረደ። እዚያ ሲደርስ ሆን ብላ ምራቋን ዋጠች። ምላጩ ቆም አለ፣ ምራቋን አሳለፈ፣ ቀጠለ።

ወንድሟ ጎንበስ ብሎ አንገቷን እንደ ኬላ ፈታሽ መረመረ። አንዲት ጭረት አላገኘም። አዲሱ ባለሙያ ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረ።

ሹፌሩ ተነስቶ ወንበሩ አጠገብ ቆመ። «እህቴ፣ ከጨረስሽ ተነሺ እንጂ፤ እኛም ተራ እየጠበቅን ነው።»

«ምን ያጣድፍሃል?» አለችው፣ ራሷን ማስደገፊያው ላይ እያመቻቸች። «የግራ ጉንጬ ገና ነው።»