የቤት ውስጥ ግምገማ

(ሶዶ ከተማ። የወላይታ አዲስ ዓመት ጊፋታ ደርሷል። ሚልክያስ የዞን መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነው፤ ሥልጠና ያልወሰደበት ነገር የለም፣ የወሰደውንም ለሰው ሳይዘረግፍ እንቅልፍ አይወስደውም። ሚስቱ ብሩክታይት አኩርፋ ሻንቶ ከተማ፣ ታናሽ ወንድሟ ባዳቾ ቤት ከገባች ሳምንቷ ነው። ዛሬ ባዳቾ መልእክት ይዞ መጥቷል። አስተናጋጁ ራሱ ሚልክያስ ስለሆነ የቀረበው ቅቅል ድንች ብቻ ነው።)

ባዳቾ፦ ጋሼ፣ ድንቹ እኮ ጨው የለውም።

ሚልክያስ፦ ሆን ተብሎ ነው።

ባዳቾ፦ ጨው አልቆ ነው?

ሚልክያስ፦ አላለቀም! በጥናት ነው የቀረው! የወር አበባ ሊመጣ ሲል ጨው የሴትን ሆድ ይነፋል።

ባዳቾ፦ (ድንቹን እያገላበጠ) እኔ ወንድ ነኝ እኮ ጋሼ።

ሚልክያስ፦ መመሪያ ለሁሉም እኩል ነው። ብላ!

ባዳቾ፦ እሺ። እህቴ የላከችኝ...

ሚልክያስ፦ ቆይ! እናንተ ቤት ጨው ትበላለች?

ባዳቾ፦ ትበላለች። በርበሬና ጨው ያለበትን ዳጣም ትበላለች።

ሚልክያስ፦ ወይኔ ጉዴ! የለፋሁት ሁሉ ገደል ገባ! ስማ ባዳቾ፣ ቀስ ብዬ ላስረዳህ፤ አንተ ቶሎ አይገባህም። ሥልጠናው ላይ አንድ ሐኪም አስተማረን። ሴት ወሯ ሊደርስ ሲል ትነጫነጫለች፣ ሆድ ይብሳታል፣ ያማታል። ከሴት ሴት ይለያያል። ታዲያ ጥሩ እንቅልፍ፣ እንቅስቃሴ፣ ቡናና ጨው መቀነስ፣ ጭንቀት ማራቅ ይረዳል አለ።

ባዳቾ፦ ጥሩ ነገር ተናግሯል።

ሚልክያስ፦ እኔ ደግሞ አንድም ሳላስቀር ተግባራዊ አደረግሁ። እንቅልፏን ሌሊት እየተነሳሁ እከታተላለሁ።

ባዳቾ፦ እንዴት አድርገህ?

ሚልክያስ፦ ቀስቅሼ እጠይቃታለኋ! «ብሩኬ፣ እንቅልፍ ወስዶሻል?» እላታለሁ።

ባዳቾ፦ ምን ትልሃለች?

ሚልክያስ፦ እሱን ለሽማግሌ እንኳ አልናገርም። እንቅስቃሴም አላጓደልኩባትም። ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ከኋላ ከኋላ እየሄድኩ «ፈጠን በይ፣ ፈጠን!» እላለሁ።

ባዳቾ፦ ጀሪካኑን ማን ይሸከማል?

ሚልክያስ፦ እሷ ናታ! እንቅስቃሴው የሚያስፈልገው ለእኔ ነው እንዴ?

ባዳቾ፦ (ድንች ሲያኝክ ቆይቶ) ጭንቀቱስ?

ሚልክያስ፦ እሱን ከሥሩ ልነቅለው ገመገምኳት።

ባዳቾ፦ እህቴን?!

ሚልክያስ፦ መሥሪያ ቤት እንደሚደረገው፤ ሂስና ግለ ሂስ! ሰብሳቢ እኔ፣ ተሰብሳቢ እሷ። ጎረቤታችን እማማ ወለተጊዮርጊስ ደግሞ ታዛቢ። አጀንዳ አንድ፣ ያለ በቂ ምክንያት ማልቀስ። አጀንዳ ሁለት፣ በር ደርግሞ መዝጋት። «በይ ግለ ሂስ አውጪ» ስላት፣ ተነስታ ልብሷን ማውጣት ጀመረች።

ባዳቾ፦ እማማስ ምንም አላሉም?

ሚልክያስ፦ እማማ ሻንጣውን አብረው አሰሩላት! (ድምፁ ዝቅ አለ። በዚያን ሰዓት የሥልጠናው ሰውዬ ጠፍቶ ባልየው ብቻ ቀረ።) ባዳቾ፣ እሁድ ጊፋታ ነው። ዘመድ አዝማድ ይሰበሰባል። «ሚስትህ የታለች?» ሲሉኝ ምን ልበል? ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ ናፍቃኛለች። ቤቱ ባዶ ሆኖብኛል።

ባዳቾ፦ እሷም ሳትናፍቅ አልቀረችም። ለዚህ ነው እኮ...

ሚልክያስ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ ሁኔታዋን ልወቅ። ትተኛለች?

ባዳቾ፦ ትተኛለች። የሚቀሰቅሳት የለም።

ሚልክያስ፦ እንቅስቃሴስ?

ባዳቾ፦ ከሚስቴ ጋር እየሳቁ ገበያ ይሄዳሉ።

ሚልክያስ፦ ታለቅሳለች?

ባዳቾ፦ አንድ ቀን አለቀሰች። ሚስቴ አቅፋ አብራት አለቀሰች። ከዚያ በሳቅ ፈረሱ።

ሚልክያስ፦ በምን ስልት ነው? ሥልጠና ወስዳችኋል?

ባዳቾ፦ እኔ አንዴ የማዳበሪያ ሥልጠና ጠርተውኝ ነበር። ተኛሁበት።

ሚልክያስ፦ ጉድ ነው! በል እሺ፣ መልእክቱን አምጣ። አደራህን እንዳታንዛዛው!

ባዳቾ፦ እህቴ ታርቃሃለች።

ሚልክያስ፦ እሰይ! ተመስገን ጌታዬ! መቼ ትመጣለች?

ባዳቾ፦ መጥታለች። መናኸሪያ ናት።

ሚልክያስ፦ የት?!

ባዳቾ፦ መናኸሪያ። አብረን ነው የመጣነው። ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች። «ራሱ መጥቶ ሻንጣዬን ከተሸከመ እገባለሁ» አለች።

ሚልክያስ፦ በዚህ ፀሐይ?!

ባዳቾ፦ በዚህ ፀሐይ። ወገቧንም እያመማት ነው፤ ወሯ ሳይደርስ አልቀረም።

ሚልክያስ፦ (ጫማውን እየፈለገ) አንተ ጅል! ይህን ይዘህ ቁጭ ብለህ ድንች ትበላለህ?!

ባዳቾ፦ እህቴን «ከዘገየስ?» ብያት ነበር። «ከዘገየ ሲያስረዳህ ነው» አለችኝ።

ሚልክያስ፦ እስከ መቼ ነው የምትጠብቀው?

ባዳቾ፦ የሻንቶው ሚኒባስ እስኪሞላ። ከሞላ ተሳፍራ ትመለሳለች፤ ጊፋታንም እኛው ጋ ታከብራለች።

ሚልክያስ፦ በበዓል ሰሞን ሚኒባስ እስካሁን ሳይሞላ? ሄዳለች በለኛ! አለቀልኝ!

ባዳቾ፦ አልሄደችም። እኔ ስመጣ የእሷ ወንበር ተቆጥሮ አንድ ሰው ብቻ ነበር የቀረው።

ሚልክያስ፦ ታዲያ አንድ ሰው ይጠፋል? አንተ ምንም አይገባህም!

ባዳቾ፦ አይጠፋም። ግን ያንን ቦታ ከፍዬ ይዤዋለሁ፤ ረዳቱም የሰፈሬ ልጅ ነው። የሚጠበቀው ሰው እኔ ነኝ፣ ጋሼ።

(ሚልክያስ አንድ እግሩን ጫማ ውስጥ ከትቶ ቆመ።)

ሚልክያስ፦ እንዴ... ቆይ፣ እንዴት አድርገህ ይህን...

ባዳቾ፦ ጋሼ፣ ዛሬ ማስረዳት የለም። ሩጥ!