እሜቴ ይሟላ እና የደረጃው ሥር አድራሻ

መንግሥት ይለወጣል፣ ወንዝ አቅጣጫውን ይስታል፣ ሐኪም እንኳ አንዳንዴ ሐሳቡን ይቀይራል፤ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ግን አይለወጥም። የትም ብትሄዱ፣ የትኛውም ጤና ጣቢያ ብትገቡ፣ ከአንዲት ጠባብ መስኮት ኋላ አንድ ሰው ተቀምጦ ታገኛላችሁ። ከሕመማችሁ በፊት ስማችሁን፣ ስማችሁን ሳትጨርሱ የአያታችሁን ስም ይጠይቃችኋል። በዚህ ዕድሜዬ ብዙዎቹን አይቻለሁ። የእኛን ሰፈር መስኮት የያዙትን እመቤት የሚተካከል ግን አልገጠመኝም።

እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ የለም። ሁላችንም "እሜቴ ይሟላ" እንላቸዋለን፤ እርግጥ በሌሉበት ነው። በቅጽ ላይ አንዲት ባዶ መስመር ካዩ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ያወርዱና፣ ወረቀቱን በሁለት ጣት ገፋ አድርገው "ይሟላ!" ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ይግባኝ የለም።

አንድ ጊዜ ቀኝ እጁ የተሰበረ ግንበኛ እያቃሰተ መጣ። "ፈርም" አሉት።

"በየትኛው እጄ፣ እሜቴ?"

"ሁለት የተሰጠህ ለምንድን ነው? በግራህ ፈርማ!"

ምስኪን በግራው ጫር ጫር አደረገ። መታወቂያውን አገላብጠው አዩና፣ "ይኼ የአንተ ፊርማ አይደለም" አሉት።

እኔንም አልማሩኝም። በወር አንዴ ደም ግፊቴን ለመለካት እሄዳለሁ። በመጀመሪያው ቀን "ሥራ" በሚለው መስመር ላይ "ጡረተኛ" ብዬ ጻፍኩ።

"አባባ፣ ጡረታ ሥራ አይደለም። ድሮ ምን ነበሩ?"

"ፍልስፍና አስተምር ነበር።"

ትክ ብለው አዩኝ። "እሱንም ሥራ ለማለት ይከብዳል። ይሁን፣ መስመሯ ትሟላ።"

አርባ ዓመት የለፋሁበትን ነገር እንዲህ ባጭሩ የተቸው ሌላ ሰው የለም። መልሱን እስካሁን እያሰብኩበት ነው።

በእሳቸው እየሳቅን ስንኖር፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ሳቁን የሚያስተወኝ ነገር ገጠመኝ። ሁለት ሴት ልጆች ተቃቅፈው ገቡ። ከአውቶቡስ ጣቢያው ጀርባ፣ በሲሚንቶው ደረጃ ሥር ከሚያድሩት ወጣቶች ናቸው። ታማሚዋ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ማንም ሳይጠራት ዞር ዞር ትላለች፤ ከንፈሯም ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል።

"እትዬ፣ ሳምንት ሙሉ አልተኛችም" አለች ጓደኛዋ። "የሌለ ሰው ይጠራታል። ትናንት 'ጠሩኝ' ብላ መኪና መሀል ገባች። የአእምሮ ነርሷ ዛሬ አሉ አይደል?"

"አሉ። ካርድ ካወጣች ትገባለች። የቤት ቁጥር?"

"የለንም።"

"ተጠሪ? አንድ ነገር ብትሆን የሚጠራላት ሰው?"

"እኔ ነኛ።"

"ስልክ አለሽ?"

"ከየት አምጥቼ?"

"እንግዲያው ይሟላ!"

"በምን ይሟላ? ደረጃው ቁጥር የለው። ከፈለጉ መጥተው ይለጥፉበት!"

ሰልፈኛው ሳቀ። ታማሚዋ ግን ሳቁን ፈርታ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። ጓደኛዋ አቅፋ ይዛት ወጣች።

ከአግዳሚው ተነሣሁ። "ይቺ ልጅ ዛሬ መኪና ቢገጫት፣ እዚያ ወረቀት ላይ ምን ሊጽፉ ነው?" አልኩ፣ የድሮ የክፍል ድምፄን አውጥቼ።

"አባባ፣ ይቀመጡ። ግፊትዎ ሳይለካ ይጨምራል።"

ተቀመጥኩ። ዓይኔን ግን ከእሳቸው ላይ አላነሣሁም። እሜቴ ይሟላ በግማሽ የተሞላውን ቅጽ መሳቢያ ውስጥ ከተቱት፤ አወጡት። ከመዝገቡ ሥር ሸጎጡት፤ እንደገና አወጡት። ሁለት ሰው አስተናገዱ። የሦስተኛውን ሰው ባዶ መስመር ያለበት ቅጽ ሳያዩ ተቀበሉት፤ ሰልፈኛው በሙሉ በድንጋጤ ተያየ። ከዚያም በዚያ ጤና ጣቢያ ታሪክ ተደርጎ የማያውቀውን አደረጉ፤ ከረፋዱ በአራት ሰዓት ተኩል መስኮቱን ዘጉ።

"አባባ፣ ይነሱ።"

"ወዴት?"

"ጅምር ቅጽ እኔ ዘንድ አያድርም። ውጭ የሚሞላ ቅጽ ደግሞ ምስክር ያስፈልገዋል።"

"እንዲህ የሚል ደንብ አለ?"

"አሁን አለ።"

ልጅቷን ደረጃው ሥር ካርቶን ላይ ተኮራምታ አገኘናት። ቀሚሳቸው ሲቆሽሽ በሕልሜም ይታየኛል ብዬ የማላስበው እመቤት መሬት ላይ ዘፍ ብለው አጠገቧ ተቀመጡ።

"ልጄ፣ እኔም እየጠራሁሽ ነው። እኔን ግን ታይኛለሽ፣ አይደል?"

ቀና ብላ ፊታቸውን አየች። "አይዎታለሁ" አለች።

"ጎበዝ። በይ እንጨርሰው።"

ደረጃውን ሁለት ጊዜ ቆጥረው ጻፉ፦ ከአውቶቡስ ጣቢያ ጀርባ፣ የሲሚንቶ ደረጃ፣ ከላይ ስምንተኛው እርከን ሥር፣ በስተግራ። ተጠሪ የሚለው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወረዱና ወደኔ ዞሩ።

"አባባ፣ ስልክዎ ይሠራል?"

"መሥራቱን ይሠራል። ግን እኔ እኮ ልጅቷን አላውቃትም…"

"ይተዋወቃሉ" ብለው ጻፉኝ።

የያዙት አንድ ቅጽ መስሎኝ ነበር። ለካ ከሥሩ ሙሉ ጥራዝ ኖሯል! "አንተ፣ እግርህን በጨርቅ የጠመጠምከው፣ ወዲህ ና። አንቺ የምታስይው፣ አትደበቂ፤ የአያት ስም?" ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አራት ልጆች አስከትለን ተመለስን። ልጅቷ ከነርሷ ክፍል መድኃኒትና ቀጠሮ ይዛ ወጣች።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ካርዱን ሲያዩ ተቆጡ። "ደረጃ ሥር አድራሻ ይባላል?"

"ሐኪም ቢፈልጋት ያገኛታል?"

"እሱማ… ሳያገኛት አይቀርም።"

"እንግዲያው አድራሻ ነው።"

በሦስተኛው ሳምንት ልጅቷ ከቀጠሮዋ ቀረች። ነርሷ ደወሉልኝ፤ ካርዱን ይዘን እርከን ቆጥረን ሄድን። መድኃኒቱ አደነዘዘኝ ብላ ትታው፣ በጠራራ ፀሐይ ተሸፋፍና ተቀምጣለች። ነርሷ አልተቆጧትም፤ መጠኑን ቀነሱላት። ከዚያ ወዲህ ትተኛለች። የሚጠሯት ሰዎች ርቀዋል፤ ቢመጡም እንኳ ሹክ ብለው ያልፋሉ ትለኛለች። መጠለያ ውስጥ አልጋ እየተጠበቀላት ነው።

ያለፈው ወር የእሷም የእኔም ቀጠሮ አንድ ቀን ዋለ። የማን ሥራ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ዝግታዬን አይታ እሷም እርምጃዋን ቀንሳልኝ አብረን ደረስን። እሜቴ ይሟላ ካርዴን አወጡ፣ መነጽራቸውን አወረዱ። እኔም ለነገረኛ ጥያቄ ተዘጋጀሁ። ድምፃቸው ግን ዝቅ ያለ ነበር።

"አባባ፣ እዚህ ተጠሪ ብለው የጻፉት ባለቤትዎን ነው። እሳቸው ካረፉ ሁለት ዓመት አለፈ። ሌላ ማን አለዎት?"

የመስኮቱን ጠርዝ ያዝኩ።

ልጅቷ ከኋላዬ በትከሻዬ አሻግራ ብቅ አለች። "እኔን ይጻፉኝ።"

እሜቴ ይሟላ ስልክ አለሽ ወይ ብለው አልጠየቋትም። ቀና ሳይሉ ስሟን ጻፉ፤ የአያቷን ስም ግን ከነጭራሹ ረሱት።