ስለ ባሕር አውሬው ጭንቅላት የተደረገ ስብሰባ

ቀን፦ የወሩ የመጨረሻ ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ።

ቦታ፦ የሙዚየሙ አጥንት ማጽጃ ክፍል። የስብሰባ ክፍሉ ቀለም እየተቀባ ነው፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ።

የተገኙ፦
የሙዚየሙ ኃላፊ፣ ሰብሳቢ።
ሒሳብ ሹሟ፣ አባል።
አጥንት ገጣሚው፣ አባል። የጸሐፊዋ አባት፤ ዓርብ ጡረታ ይወጣሉ።
የሥነ ምድር መምህሩ፣ አባል። የአጥንት ገጣሚው እህት ባል።
ጸሐፊዋ፣ ባልተገኘችበት ስብሰባ በሙሉ ድምፅ የተመረጠች።

ምልዓተ ጉባኤ፦ በደንቡ መሠረት አምስቱም አባላት ካልተገኙ ስብሰባ የለም። መምህሩ «እሱ ባለበት ክፍል አልገባም» ብለው ወንበራቸውን ከበሩ ውጭ አደረጉ። ሒሳብ ሹሟ «እንግዲያው አራት ነን፣ እንሂድ» ሲሉ ቦርሳቸውን አነሡ። ሰብሳቢው መምህሩ እግራቸውን ዘርግተው ጫማቸው ከደፉ ወደ ውስጥ ማለፉን ተመልክተው ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን አረጋገጡ።

ለመዝገብ ያህል፦ አጥንት ገጣሚውና መምህሩ፣ ጸሐፊዋ ፊደል ከመቁጠሯ በፊት ጀምሮ አይነጋገሩም። የሚናገሩት ለሰብሳቢው ነው። ሰብሳቢውም ሁላችንም የሰማነውን ደግመው ያሰሙናል። ስብሰባችን የሚረዝመው በዚህ ምክንያት ነው።

አጀንዳ አንድ፦ በሚቀጥለው ወር ስለሚከፈተው «ስመ ጥር ባላንጣዎች» ዐውደ ርእይ

ሰብሳቢው ሦስት ጥንዶች አቀረቡ። የመጀመሪያዎቹ አንድን የስሌት ዘዴ «እኔ ነኝ ቀድሜ ያገኘሁት» በሚል የተጣሉ ሁለት ሊቃውንት ናቸው። ጉዳዩን እንዲያጣራ ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር፤ የኮሚቴውን ሪፖርት ያረቀቀው ግን ከሁለቱ ተከራካሪዎች አንዱ ራሱ ነው። ሒሳብ ሹሟ ይህ አሠራር ለእኛም ሥራ እንደሚያቀልልን ጠቁመዋል።

ሁለተኛዎቹ ተጣልተው በአንድ ከተማ ሁለት ፋብሪካ የከፈቱ ጫማ ሠሪ ወንድማማቾች ናቸው። የከተማው ሰው ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት የሰውየውን እግር አይቶ የማን ወገን እንደሆነ ይለይ ነበር ይባላል። ይህ ሲነገር ሁሉም አባላት በሩ ላይ ያለውን የመምህሩን ጫማ ተመለከቱ። መምህሩ እግራቸውን ሊሰበስቡ ሲሉ ሰብሳቢው «ኧረ ምልዓተ ጉባኤው!» ብለው አስቆሟቸው።

ሦስተኛዎቹ ሁለት አጥንት ፈላጊዎች ናቸው። አንደኛው ያገኘውን የባሕር አውሬ ጭንቅላት በጅራቱ በኩል ገጥሞ መጽሔት ላይ አወጣው። ስህተቱን ሲያውቅ የታተመውን ሁሉ ለቅሞ ሊገዛ ሞከረ፤ ባላንጣው ግን እስኪሞት አልተወውም። በዚህ ጊዜ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አጥንት ገጣሚው ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

ከረዥም ውይይት በኋላ ሦስቱም ጥንዶች እንዲቀርቡ ተወሰነ።

አጀንዳ ሁለት፦ ስለ ራሳችን የባሕር አውሬ

መምህሩ በትልቁ አዳራሽ የቆመው፣ አንገቱም ጅራቱም ረዥም የሆነው አውሬ ጭንቅላት ጅራቱ ላይ መሰቀሉን ሲናገሩ ዕድሜያቸው ማለቁን ገልጸው፣ ዐውደ ርእዩ ሳይከፈት እንዲስተካከል ጠየቁ። አጥንት ገጣሚው «ለዚያ ሰውዬ ይንገሩልኝ፤ አንድ ቁጥር አጥንት ላይ ስቀሉት አልኩ፣ አንድ ቁጥር ላይ ተሰቅሏል፤ አለቀ!» ሲሉ መለሱ። ሰብሳቢው ነገሩ። መምህሩ «ሰምቻለሁ፣ ደንቆሮ አይደለሁም» አሉ።

ሒሳብ ሹሟ ጭንቅላቱ መንፈቅ በዚህ፣ መንፈቅ በዚያ በኩል እንዲውል ሐሳብ አቀረቡ። ሰብሳቢው ከካርቶን ሌላ ጭንቅላት ተሠርቶ በሁለቱም ጫፍ ቢሰቀል ማንም ቅር እንደማይለው ተናገሩ። ጸሐፊዋ ተነሥተን እንየው አለች። ተሄደ፤ መምህሩም «አዳራሽ ክፍል አይደለም» ብለው አብረው ገቡ።

በአዳራሹ የሚከተለው ታየ። አጥንቶቹን ሲገጥሙ አጥንት ገጣሚው ከአንገት ጀምረው በቀይ ቀለም፣ መምህሩ ከጅራት ጀምረው በሰማያዊ ቀለም ቁጥር ጽፈዋል። ያኔም ተኳርፈው ስለነበር አንዱ የሌላውን አልጠየቀም። ስለዚህ አውሬው ሁለት አንድ ቁጥር አለው። ጭንቅላቱን የተሸከሙት ሰዎች የደከማቸው ሰማያዊው ጋ ሲደርሱ ነው፤ እዚያው ሰቀሉት። እኛ ቀለሙን ጌጥ ይመስለን ነበር።

ሰብሳቢው አጥንት ገጣሚውን «አንገትና ጅራት መለየት ያቅትዎታል ወይ?» ሲሉ ጠየቁ። አጥንት ገጣሚው በመጀመሪያው ጠዋት ገና ከበሩ እንዳዩት ማወቃቸውን አመኑ። «ታዲያ ለምን አላወረዱትም?» ተባሉ። «ላወርደው መሰላል ይዤ ስመጣ ያ ሰውዬ ቀድሞኝ ቆሞ ይስቃል። አፉን ባይከፍት ኖሮ ያኔውኑ አወርደው ነበር» ብለዋል። ጸሐፊዋ አባቷ ግትር መሆናቸውን ታውቅ ነበር፤ የዚህን ያህል ግን አልመሰላትም።

ከረዥም ውይይት በኋላ ጭንቅላቱ ወደ ቀዩ አንድ ቁጥር እንዲዛወር በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ ሦስት፦ ከአውሬው ሥር ስለሚለጠፈው ጽሑፍ

ስብሰባው እዚያው አዳራሹ ውስጥ ቀጠለ። መምህሩ ጎብኚው እውነቱን ማወቅ ስላለበት ስህተቱ የማን እንደሆነ በስም እንዲጻፍ አሳሰቡ። ሒሳብ ሹሟ «ሰውዬው ዓርብ የሚሄዱ ናቸው፣ ትንሽ እንዘንላቸው» አሉ። ሰብሳቢው ሐዘኔታ በደንቡ አለመኖሩን አስታወሱ። «በአጥንት ገጣሚው ስህተት ለብዙ ዘመን በተሳሳተ ቦታ የቆየ» የሚል ጽሑፍ ተወስኖ ጸሐፊዋ እዚያው እንድታዘጋጅ ታዘዘች።

አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ ቤት ሠርተው ከእሳቸው የሚቀረው ይህ አንድ መስመር ሊሆን ነው። ጸሐፊዋ ጻፈች። ሁለት ጊዜ ቀደደችው። አባቷ «ጻፊ እንጂ ልጄ፣ የተወሰነ ነገር ነው» ብለው ሦስተኛ ወረቀት አቀበሏት።

ልዩ ልዩ

ጽሑፉ ለማጽደቅ ሲነበብ መምህሩ እንደገና ይነበብ አሉ። ተነበበ። ለሦስተኛ ጊዜ ይነበብ አሉ። ከዚያም «ሰማያዊው አንድ ቁጥር የእኔ ነው፤ ይሄ ወረቀት ውሸታም ነው» ካሉ በኋላ፣ ለሰብሳቢው ሳይሆን ወደ አጥንት ገጣሚው ዞረው፦

«ስማ አንተ! ዓርብ ከሄድክ ይሄን ጭንቅላት ከማን ጋር ነው የማወርደው?»

ሰብሳቢው ቃሉን ሊያስተላልፉ አፋቸውን ከፍተው ዘጉ።

አጥንት ገጣሚው ወደ እሳቸው ዞሩ። «ብቻህን እንዳትነካው። ትሰብረዋለህ» አሉ።

«ታዲያ ሰኞ ና።»

«መጥቼስ? እንዴት እንደሚወርድ አንተ ልትነግረኝ ነው?»

«እነግርሃለሁ! ማን ሊነግርህ ኖሯል?»

ጸሐፊዋ አለቀሰች። ሰብሳቢው ይህ እንዳይያዝ አዘዋል፤ ተይዟል።

ሰብሳቢው ጡረታ የወጣ ሰው አጥንት መንካት እንደማይችል ገለጹ። ሒሳብ ሹሟ «ሲከራከሩ እንጂ ሲነኩ የሚውሉ ይመስልዎታል?» ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው ደንቡን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በአጀንዳ ሁለትና ሦስት የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። አጀንዳ አንድም አራተኛ ጥንድ ከራሳችን አባላት ስለተገኘ እንደገና እንዲታይ ተሽሯል። ሁለቱ አባላት እንዴት እንደሚወርድ እስኪስማሙ ድረስ ጭንቅላቱ ባለበት ይቆያል። አጥንት ገጣሚው ከሰኞ ጀምሮ ለዚሁ ጉዳይ በየቀኑ ይመጣሉ።

ስብሰባው በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተነሣ።

ሰብሳቢው፣ ሒሳብ ሹሟና ጸሐፊዋ ፈርመዋል። ሁለቱ አባላት ከአዳራሹ ገና ስላልወጡ አልፈረሙም።