«ሲመታስ?» የሚሉት መቶ አለቃ

በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ ልጅ ተወለደ ሲሉት «ትኩሳት የለውም?» ብሎ የሚጠይቅ። የደብረ ታቦሩ ግን ማዕረግም አለው፦ ክቡር መቶ አለቃ ይሻው፣ የቀድሞው ባሕር ኃይል ባልደረባ፣ ባሕር በሌለበት ደጋ የሚኖሩ የጦር መርከብ ነዳፊ።

ጎረቤታቸውና የእድሩ ዳኛ ሙላቴ ትምህርቱን ሳይወድ በግዱ በቃሉ ይዞታል። «የጦር መርከብ አይመታም ብሎ የሚሠራ ሞኝ ነው» ይላሉ መቶ አለቃው። «ተመትቶም እንዳይሰጥም ነው የሚሠራው። ሆዱን በግድግዳ ትከፋፍለዋለህ፤ አንዱ ክፍል ተበስቶ ውኃ ቢሞላ ሌላው ደረቅ ይቆያል። አንዱ ተሸካሚ ብረት ቢቆረጥ አጠገቡ ያለው ሸክሙን ይቀበላል።» በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ ሲነድፉ የኖሩት ይህንኑ ነው። መርከቡም ባሕሩም ከሄደ ወዲህ የቀረቻቸው አንዲት ጥያቄ ናት፤ «ሲመታስ?»

ቤታቸውንም በዚችው ጥያቄ ሠሩት። ክፍሎቹ እርስ በርስ አይገናኙም፤ እያንዳንዱ የራሱ በር ወደ ውጭ አለው፣ የበሩም ደፍ እስከ ጉልበት ይደርሳል። እሳት ከክፍል ክፍል አያልፍም፣ ጎርፍ አይገባም፤ እንግዳም ቢሆን ሳይደናቀፍ አይገባም። ክረምት ላይ ባለቤታቸው ወይዘሮ ብዙነሽ ከጓዳ ወደ መኝታ ቤት የሚሄዱት ጃንጥላ ይዘው ነው። «ኧረ እኔ ያገባሁት ሰው ነው ወይስ መርከብ?» እያሉ ሲስቁ እስከ ሙላቴ ቤት ይሰማል።

የሙላቴ ልጅ ሐሙሲት ላይ ስትዳር ድግሱ ከደብረ ታቦር ተጭኖ ሊሄድ ነው። «ሁሉ በአንድ መኪና? ሲመታስ?» አሉ መቶ አለቃው። ሙላቴ ታዘዘ፤ እንጀራውን በአንዱ መኪና፣ ወጡን በሌላው ጫነ። የወጡ መኪና መንገድ ላይ ተበላሸና ሠርገኛው ደረቅ እንጀራ እያኘከ ዘፈነ። «አንተ ሰው፣ በእያንዳንዱ ላይ ከሁሉም ትጭናለህ እንጂ!» ብለው ጮኹበት። ሙላቴ እስከ ዛሬ ይቅር አላላቸውም። ያም ሆኖ በእሳቸው ንዝነዛ የእድሩ ድንኳንና ድስት ሦስት ቤት ተከፋፍሎ ተቀመጠ። ያን ሰሞን ከወዲያ ማዶ ተኩስ ይሰማ ስለነበር ማንም አልሳቀባቸውም።

ዘንድሮ ወይዘሮ ብዙነሽ በድንገት ታመው አረፉ።

አርባው ካለፈ በኋላም መቶ አለቃው ከአልጋቸው ጫፍ አልተነሡም። ሙላቴ በሌማት ያመጣውን ምግብ እንዳለ መልሶ ይወስዳል። አንድ ቀን ብቻ ተናገሩ።

«ሙላቴ፣ እኔ ሁሉን አንድ ክፍል ውስጥ ነበር ያስቀመጥሁት።»

ሙላቴ ሌማቱን አነሣ። ወጥቶ ደፉ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። እኒህ ሰውዬ ሊሞቱብኝ ነው፤ ያቺን የምታናድድ ጥያቄያቸውን ይዘውብኝ ሊሄዱ ነው፣ አለ በልቡ።

በማግስቱ የእድሩን ዕቃ ከሦስቱም ቤት አስወጥቶ ከመቶ አለቃው መስኮት ፊት ለፊት ባለችው በራሱ ማድቤት ያጭቀው ጀመር።

«አበድህ? እሳት የሚነድበት ማድቤት?» አለችው የእድሩ ጸሐፊ ጌጤ።

«ዝም ብለሽ ተሸከሚ! ደግሞ ድስቱን አንኳኪው።»

ድስቱ እየተንኳኳ አለፈ። ከመስኮቱ ምንም አልተሰማም። በመጨረሻ ሙላቴ የቤንዚን ጀሪካን አመጣና ቀስ ብሎ፣ በደንብ እንዲታይ አድርጎ፣ ድንኳኑ ላይ አስቀመጠው።

አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ።

«ሲመታስ?» አለ የደከመ ድምፅ።

«ምን አሉ መቶ አለቃ? አልሰማሁም!»

«ሲመታስ! አንተ ደንቆሮ፣ ሲመታስ!» ያንን ደፍ ተሻግረው ወጥተዋል፤ ጢማቸው አድጎ፣ በነጠላ ጫማ፣ ከዘራቸውን እያወዛወዙ።

ሙላቴ ፊቱን እንዳያዩበት ጎንበስ ብሎ ከድንኳኑ ጋር ይታገል ጀመር። «የት ላስቀምጠው ታዲያ?»

መቶ አለቃው ጀሪካኑን በከዘራቸው ከድንኳኑ ላይ ገፉት።

«ግማሹን እኔ ዘንድ አምጣው» አሉ። «ጓዳው ባዶ ነው።»