ሽጉጥ መረጣ በሙዝ ማሳ

እስቲ እዚያ ሙዝ ሥር የቆመውን ሰውዬ እዩልኝ። አዎ፣ ባርኔጣ ያጠለቀውን፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሙዝ የደገነውን። ጋሽ ፈቃደ ነው። ከተማ፣ ሴቻ ላይ የቢሮ ወንበር ሲያሞቅ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ከዚያ ወደ ገጠሩ፣ ጫኖ ወርዶ የማንጎ ችግኝ የተከለ፣ ችግኙም ሰሞኑን በውሃ ጥም እየሞተበት ያለ ሰው። ውሃው የሚመጣው ከላይ፣ ከማርቆስ ማሳ ነው። በደበሌ ሙዝ መሀል ያልፍና እሱ ዘንድ ይደርሳል። ይደርስ ነበር ማለቴ ነው። አሁን የሱ ቦይ እንደ ዱቄት ቦኗል።

እግር ያለው ሰው ቦዩን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል። አፍ ያለው ሰው «ማርቆስ፣ ምን ነካህ?» ይላል። ጋሽ ፈቃደ ሁለቱም አለው፤ እሱ ግን ስልኩን ከፍቶ የሽጉጥ ቪዲዮ ሲያይ ከረመ። ማርቆስም ከላይ ሆኖ «ፈቃደ ሌባ ብሎኛል» እያለ ሽማግሌ አልሰማ ብሏል። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ልጅ ድረዋል። ንዴቴን ልዋጠውና ልቀጥል።

ፊት ለፊቱ ድንጋይ ላይ የተቀመጠው ደበሌ ነው፣ የሙዙ ባለቤት። «ደበሌ ነገር ቶሎ አይገባውም» ይሉታል። እሱም ሲሉት ሰምቶ ቅር ብሎት አያውቅም። ጭቅጭቁን ጀምረውታል፤ ጠጋ በሉ።

ደበሌ፦ አልገባኝም ጋሼ። ግማሽ አውቶማቲክ ከሆነ ግማሹን ማን ይተኩሰዋል?

ፈቃደ፦ ሰውዬ፣ ሙሉውን እኔ ነኝ የምተኩሰው። ቃታውን አንዴ ስስብ አንድ ጥይት ይሄዳል። ቀጣዩን ራሱ ያቀባብላል።

ደበሌ፦ ራሱ?

ፈቃደ፦ ራሱ።

ደበሌ፦ ሳይነግሩት?

ፈቃደ፦ ሳልነግረው።

ደበሌ፦ ሳይነግሩት የሚሠራ እንኳን ብረት፣ ሰውም ጫኖ ውስጥ አላየሁም።

ፈቃደ ይህን እንዳልሰማ አለፈው። ሦስት ሙዝ ከበሰለ ዘለላ ቆርጦ ድንጋዩ ላይ በተርታ አጋደመ፤ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ። ትንሹ የኪስ ሽጉጥ ነው አለ። መካከለኛው የወገብ። ትልቁ ግን ሙሉ መጠን ነው፤ ሰው ከገዛ አይቀር እሱን ነው የሚገዛው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሕግ አለ ብሎ ጣቱን አነሣ፦ ሽጉጥ ሁሉ፣ ባዶም ቢሆን፣ ጥይት እንደ ጎረሰ ነው የሚቆጠረው። ይህን ሕግ ከየት እንዳመጣው አትጠይቁኝ፤ ከስልኩ ነው። በዕድሜው አንዲት ጥይት ተኩሶ አያውቅም። ርችት ሲፈነዳ እንኳ ጆሮውን ይዞ ነው የሚያየው።

ደበሌ፦ ትንሹ አይሻልም? ኪስ ይገባል።

ፈቃደ፦ ትንሹ ቀላል ነው። ቀላል ስለሆነ ሲተኮስ ይራገጣል።

ደበሌ፦ እንደ አህያ።

ፈቃደ፦ እንደ አህያ። ሙሉ መጠኑ ግን ከባድ ነው፤ ክብደቱ ርግጫውን ይውጥልሃል። እጀታው ጣትህን ሁሉ ያስጨብጣል፣ ካዝናው ብዙ ይጎርሳል። በዚያ ላይ አፈሙዙ ረጅም ነው፤ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያው ስለሚራራቅ እጅህ አይሳሳትም። (ትልቁን ሙዝ አንሥቶ ያዞረዋል)

ደበሌ፦ (ድንጋዩ ጀርባ ተወሽቆ) አፈሙዙን ወደኔ አያዙሩት ጋሼ።

ፈቃደ፦ ሙዝ እኮ ነው።

ደበሌ፦ ሁሉም እንደ ጎረሰ ይቆጠራል ብለዋል።

ፈቃደ በልቡ «ይሄ ሰውዬ ጤነኛ አይደለም» አለ። ነገር ግን ደስ ብሎት ነበር፤ መሥሪያ ቤት ሳለ ሲገባ ሰው ብድግ ይል ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንኳን ሰው ውሃ ራሱ እምቢ ብሎታል። አሁን ግን በአንድ ሙዝ ሰው አስደነገጠ። ይህን ካየ በኋላ ሽጉጡን ሳይገዛ የሚያድር አልመሰለውም። የሽጉጥ ፈቃድ ወረቀቱስ ብሎ ደበሌ ቢጠይቀው፣ የማውቀው ሰው አለ፣ ነገ ጠዋት እሄዳለሁ አለው።

ደበሌ፦ ነገ?

ፈቃደ፦ ነገ።

ደበሌ፦ (ከድንጋዩ ጀርባ እየወጣ) ለምን ሥራ ነው ግን የሚፈልጉት?

ፈቃደ፦ ለጠቅላላ ተኩስ።

ደበሌ፦ ጠቅላላ ምንድን ነው?

ፈቃደ፦ ለሁሉ የሚሆን። ዒላማ መለማመጃ፣ ቤት መጠበቂያ፣ ዝንጀሮ ማባረሪያ።

ደበሌ፦ ዝንጀሮ እርስዎ ማሳ ምን ሊበላ ይመጣል? ያለው የደረቀ እንጨት ነው።

ፈቃደ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) እንግዲያው ለዒላማ።

ደበሌ፦ ዒላማው የት ይተከላል?

ፈቃደ፦ (በሙዙ ሽቅብ እያመለከተ) ወደዚያ በኩል።

ደበሌ፦ ወደዚያ በኩል ማርቆስ ነው ያለው።

ፈቃደ፦ ማርቆስ አልኩህ? ወደዚያ በኩል ነው ያልኩት።

ደበሌ፦ እሺ። መሀል ላይ ደግሞ እኔ አለሁ።

ፈቃደ፦ ለዚህ እኮ ነው ሙሉ መጠን የምልህ። አይስትም።

ደበሌ፦ ካልሳተ ማርቆስን ነው። ከሳተ እኔን ነው። እኔ እንግዲህ ስለ የትኛው ልጸልይ?

ፈቃደ ሙዙን ዝቅ አደረገ። ጥያቄ የበዛበት አዋቂ የሚያደርገውን አደረገ፤ ወሬ ለወጠ።

ፈቃደ፦ የዘንድሮ ሙዝህ ግን ምን በልቶ ነው እንዲህ ክንድ ያከለው?

ደበሌ፦ (ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ) ሙዝ አይበላም ጋሼ። ይጠጣል እንጂ።

ፈቃደ «ወይ ጅል» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ደበሌ ትንሹንና መካከለኛውን ሽጉጥ ልጦ በላቸው። ፈቃደ ሲቆጣ፣ «አይሆኑም ብለዋል እኮ» አለና ልጣጩን ወረወረ።

የቀረው ሙሉ መጠኑ ብቻ ነው። ፈቃደ በሁለት እጁ ያዘው፣ አነጣጠረ፣ ሙዙ ግን ላብ በያዘው መዳፉ ውስጥ እየተንሸራተተ አስቸገረው። የእውነተኛው እጀታ ሻካራ ነው፣ እንዲህ አያንሸራትትም ብሎ በሽጉጡ ስም ይቅርታ ጠየቀ። ደበሌ ይህን ሲሰማ ተነሣ። ከቦዩ ዳር አንድ እፍኝ እርጥብ ሣር ነጨ፤ ረዥም፣ አረንጓዴ፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ። ሙዙን በሣሩ ጠቅልሎ መለሰለት።

ደበሌ፦ አሁንስ?

ፈቃደ፦ (ጨበጥ አድርጎ) አሁን እንኳ እጀታ ሆነ። አየህ፣ ስነግርህ ይገባሃል።

ደበሌ፦ ቆሞ ብቻ ነው የሚተኮሰው?

ፈቃደ፦ ተንበርክኮም ይተኮሳል። እንዲያውም ሰው ሲንበረከክ እጁ ይረጋል።

ደበሌ፦ እንደሱ አይቼ አላውቅም። ያሳዩኛ።

ፈቃደ እዚያው ሊንበረከክ ሲል ደበሌ ክንዱን ያዘው። እዚህ ጭቃ ነው፣ ሱሪዎ ይበላሻል፣ እዚያ ማሳው ዳር፣ መንገዱ ላይ ይሁን አለው። ፈቃደ ተስማማ። በዚህ ድርቅ የደበሌ ማሳ ከምን የተነሣ ጨቀየ ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ጭውውታችን እዚሁ ባለቀ። አልጠየቀም። አዋቂ ነዋ።

መንገዱ መሀል ገባ። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ግንባሩን ይሸፍናል አለ። ቀኝ ጉልበቱን መሬት አስነካ፣ ሁለት እጁን ወደፊት ዘረጋ።

ፈቃደ፦ ጉልበት መሬት። ሁለት እጅ ወደፊት። አንገት ዝቅ። ትንፋሽ ትይዛለህ። (ሙዙ ከሣሩ ውስጥ ሾልኮ ይወድቃል) ተወው፣ አታንሣው። አያያዙን ነው የማሳይህ።

ደበሌ፦ አንገት በጣም ዝቅ ነው?

ፈቃደ፦ በጣም ዝቅ።

ይህን ጊዜ ከመታጠፊያው ማርቆስ ብቅ አለ። መቆፈሪያ ትከሻው ላይ አጋድሟል። ነጠላ የደረቡ ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላ ከኋላው እየተከተሉ ታረቅ ይሉታል፤ እሱ አልታረቅም ይላል። ቀና ሲል፣ ያ የሴቻ ሰው፣ ያ ከጋሽ በታች የማይጠራው ሰውዬ፣ ባዶ ራሱን መንገድ ላይ ተንበርክኮ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እርጥብ ሣር በሁለት እጁ ዘርግቶለታል።

በጋሞ አገር እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከ ሰው ምን እያለ እንደሆነ የምነግራችሁ ሳታውቁ ቀርታችሁ ከሆነ ብዬ ነው። «በፈጠረህ፣ ጠቡ ይብቃ» እያለ ነው። እሱን አልፎ የሚሄድ የለም፤ ቢሄድ ምድሪቱ ራሷ ትቆጣለች ይላሉ። ጋሽ ፈቃደ እዚሁ ጋሞ አገር ሸበተ። የስንት አገር ሽጉጥ ካዝናው ስንት እንደሚጎርስ ይነግራችኋል። ጎረቤቱ ሣር ሲያይ ምን እንደሚሰማው ግን አያውቅም። አንድም ቀን አልጠየቀም።

ማርቆስ መቆፈሪያውን ጣለ። እሱም ተንበረከከ።

ማርቆስ፦ ኧረ ይነሡ ጋሽ ፈቃደ። እርስዎ ለኔ? መቅደም የነበረብኝ እኔ ታናሽዎ ነኝ።

ፈቃደ፦ (አንድ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ በሹክሹክታ) ደበሌ። ምን ሆኖ ነው?

ደበሌ፦ (በሹክሹክታ) አልሳቱም ጋሼ።

ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም ደግፈው አነሡ። አንደኛው በጋሞኛ መረቀ፣ ሌላው አለቀሰ። ፈቃደ «እኔ እኮ እያነጣጠርኩ ነበር» ሊል አፉን ከፈተ። የማርቆስን ዓይን አየ፤ እንባ አቅርሯል። ሰው በፊቱ ብድግ ሲል ብዙ አይቷል፤ ሰው በፊቱ ሲያለቅስለት ግን አላየም። አፉን ዘጋ። ጎንበስ ብሎ የጉልበቱን አቧራ አራገፈ።

ደበሌ ወዲያው የወደቀውን ሙዝ አንሥቶ ጠራረገ፣ ልጦም ለሁለት ከፈለው። ዕርቅ ያለ ምግብ አይጸናም አለ። ማርቆስና ፈቃደ ሙሉ መጠኑን ተካፍለው በሉት። ጣፋጭ ነበር። ውሃ የጠገበ።

ማርቆስ፦ (እያላመጠ) አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። ውሃዬን ዘጋብኝ ብለው ለምን ሰው ፊት ሌባ አሉኝ? እኔ ከፍቼ ነው የማድረው።

ፈቃደ፦ ከፍተህ ከሆነ ታዲያ ውሃዬ የት ሄደ?

የአንደኛው ሽማግሌ ዓይን ዝቅ ብሎ የደበሌን እግር አየ። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። ከዚያ ሁሉም ቀስ ብለው ወደ ማሳው ዞሩ። አንድ የወደቀ የሙዝ ግንድ ቦዩ ላይ እንደ በር ተጋድሟል። ከሱ በላይ ያለው ውሃ ከቦዩ ወጥቶ፣ በወፋፍራሞቹ ሙዞች ሥር ተኝቶ ያበራል።

ደበሌ፦ በራሱ ነው የወደቀው።

ፈቃደ፦ ለምን አላነሣኸውም?

ደበሌ፦ ማን ነገረኝ? የመጣ ሰው የለም። አንዱ ከላይ ይሳደባል፣ አንዱ ከታች ሽጉጥ ይመርጣል።

ፈቃደ፦ (እየተንተባተበ) ውሃዬስ?

ደበሌ፦ አሁን በሉት እኮ ጋሼ።

ማርቆስ መቆፈሪያውን አነሣ። ፈቃደ ባርኔጣውን አሽቀንጥሮ ጣለ። ሁለቱ ታራቂዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ልብ፣ ጎን ለጎን ወደ ደበሌ ተራመዱ። ደበሌ አልሮጠም። ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ ሣር ነጨ፣ መንገዱ መሀል ገብቶ ተንበረከከ፣ እጁን ዘረጋ።

ደበሌ፦ ጉልበት መሬት። ሁለት እጅ ወደፊት። አንገት በጣም ዝቅ። (ቀና ብሎ) ጋሼ፣ ትንፋሹን አሁን ነው የምይዘው?

ሽማግሌዎቹ መንገዱ ላይ ቆመው ነበር፤ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሁለቱ ሊያልፉት አልቻሉም። ማርቆስ ግንዱን በአንድ ጫፍ ያዘ፣ ፈቃደ በሌላው፤ ደበሌ ከመሀል ገባ። ውሃው ወረደ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ቦያችሁ የደረቀ ዕለት ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱና ውሃውን ተከትላችሁ ሽቅብ ውጡ። ሣሩን እዚያው መንገድ ዳር ታገኙታላችሁ።