የድመቷ ጠበቃ

የድመት ጠበቃ የሌለበት ሰፈር የለም። በእኛ ሰፈር ያለው እኔ ነኝ። በሙያዬ ልብስ ሰፊ ብሆንም፣ ዋናው ሥራዬ ቤታችን ውስጥ «እመቤት» ለምትባለው ድመት መከራከር ነው። የቆረጥኩት ጨርቅ ላይ ተጋድማ ትውላለች፤ እኔም እሷን ላለመቀስቀስ የሰው ሥራ አሳድራለሁ።

ልጃችን መዳህ እንደጀመረች ማስነጠስ አመጣች። «አቧራ ነው» አልኩ። ዐይኗ ቀልቶ ሲያነባ «ጥርስ ልታወጣ ነው» አልኩ። ጉንጯ ላይ ሽፍታ ሲወጣ ሚስቴን ሳሙና አስቀየርኳት። አፍንጫዋን በጡጫዋ እያሸች ስትነጫነጭ ደግሞ የአማቴን የሱፍ ሻርፕ ከሰስኩ። ድፍረቴ ለጉድ ነው።

ክብርት አማቴ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ናቸው፤ ክፋቱ፣ እውነትም ያውቃሉ። የሕፃኗን ግንባር ዳሰስ አደረጉና፣ «ትኩሳት የላት፣ ንፍጧ እንደ ውሃ የቀጠነ፤ ይሄ ጉንፋን አይደለም። ድመቷ ናት፣ ልጄ» አሉ።

«እማማ፣ እሷ'ኮ ከእኔ በላይ ትታጠባለች!»

«እሱስ እውነትህን ነው» አሉኝ።

ልጅቷ እሳቸው ቤት ሰንብታ፣ ዐይኗም ጉንጯም ጥርት ብሎ ስትመለስ «አየር ስለለወጠች ነው» ብዬ ድርቅ አልኩ። በዚያው ቀን እየዳኸች ሄዳ ፊቷን የእመቤት ሆድ ላይ ቀበረችው። ሳይመሽ ደረቷ ሲያፏጭ ሰማሁ። ያን ጊዜ ክርክሩ ሁሉ ጠፋኝ፤ ፈርቼ ልጅቷን አቅፌ ሐኪም ቤት ሮጥኩ።

ሐኪሟ መድኃኒት ሰጥታ ትንፋሿ ከተረጋጋ በኋላ «ቤት ውስጥ ድመት አለ?» አለችኝ።

«አለች፤ ግን ልጅቷ አጠገብ አትደርስም» ብዬ ዋሸሁ። ሐኪሟ ልጅቷን ካቀፍኩበት እጅጌ ላይ ነጭ ፀጉር ለቅማ አሳየችኝ። አለርጂ ነው፣ ድመቷ ትውጣ፣ ቤቱም ይጽዳ ተባለ።

እመቤትን የሚወስድልኝ ባፈላልግ ጎረቤቱ ሁሉ ሰበብ አበዛ። ስፌት መኪናዬ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ፣ እሷን አቅፌ አለቀስኩ። አማቴ በር ላይ ቆመው አዩኝ። ድመት ስታልፍ ቀሚሳቸውን የሚሰበስቡ ሴት ናቸው።

«በል አምጣት» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው እጃቸውን እየዘረጉ። «እኔ ጋ ትሁን። ስትናፍቅህ እየመጣህ እያት፤ ስትመለስ ግን ታጥበህ፣ ልብስህን ቀይረህ ነው ልጅቷን የምታቅፈው። እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ።»

«እማማ፣ እርስዎ ድመት አይወዱም'ኮ።»

«ታዲያ ድመት እወዳለሁ ያለህ ማነው? እኔ የምወደው አንተን ነው።»